ምዕራፍ 5፦ ከሰላ ላይ ማን ዞር ይላል?

ከሰላ ገበያ መሀል አንድ ነጋዴ «ያ ሐበሺ!» ብሎ ቢጣራ ብዙ ሰው ዞር ይላል። ከአስመራ መጥቶ ሱቁ ውስጥ ያረጀው ሽማግሌ ዞር ይላል። የሰሊጥ አጨዳው አልቆ ከገዳሪፍ የመጣው የጎንደር የጉልበት ሠራተኛ ዞር ይላል። የሰቲትን ወንዝ ተሻግሮ ከሁመራ የሸሸው ወጣት፣ ወደ ሊቢያ የሚያሻግር ደላላ የሚያፈላልገው የወለጋ ልጅ፣ ከሰል አያይዛ ቡና የምታፈላው የአድዋ ሴት፣ ሁሉም ቀና ይላሉ። እነዚህን ሰዎች አንድ ማዕድ ዙሪያ አስቀምጣችሁ «አገራችሁ የት ነው?» ብትሏቸው ሲከራከሩ ያነጋሉ። አንዱ ኤርትራዊ ነኝ ይላል፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ፤ አንዱ ኦሮሞ፣ ሌላው አማራ፣ ሌላዋ ትግራወይቲ። ጎረቤታቸው ግን ለሁሉም አንድ ስም አለው፤ በዚያ ስም ሲጠሩም ሁሉም ይሰማሉ።

አገር ራሱን የሚያውቀው በዋና ከተማው፣ በአዋጁና በመማሪያ መጽሐፉ ይመስለናል። እኔም በትምህርት ቤት የተሰጠኝ ሥዕል ከአክሱም ተነሥቶ በላሊበላና በጎንደር አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። በዚያ መስመር ላይ ከሰላ አልነበረችም፤ ገዳሪፍም አልነበረችም። ዛሬ የማምነው ግን ኢትዮጵያ ስለ ራሷ የምታስበውና ለሌላው የምታሳየው መልክ እውነቱ የሚለየው እዚያ ጠረፍ ላይ ነው። ጎረቤት ፊት ለፊት ቆሞ «ማነህ አንተ?» የሚልበት ቦታ ስለሆነ፣ የተለማመዱት መልስ ብዙ አያስኬድም።

ቦታውን ላስተዋውቅ። ከሰላ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከኤርትራ ድንበር አጠገብ፣ ታካ ከሚባሉት ልሙጥ የድንጋይ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሱዳናውያን ሙሽሮች ለጫጉላ ይሄዱባታል፤ ከተራራው ሥር ካለችው ከቶቲል ምንጭ የጠጣ ሰው ተመልሶ ከሰላ ሳይመጣ አይቀርም ይባላል። ኸትሚያ የሚባለው የሱፊ ማኅበር (ጠሪቃ) ተከታዮች የሰዪድ አል ሐሰንን መቃብር ሊሳለሙ ይመጡባታል። በከተማዋ መሀል የሚያልፈው ወንዝ ጋሽ ይባላል። እኛ ደግሞ ከላይ መረብ ብለን የምናውቀው ነው። ክረምት ሲሆን ደፍርሶ ሞልቶ ይወርድና የሙዙንና የዘይቱኑን እርሻ ያጠጣል፤ በጋ ሲሆን አሸዋ ብቻ ትቶ ይሄዳል። ባሕርም ሳይደርስ፣ ዓባይንም ሳያገኝ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን አሸዋ ውስጥ ይሰወራል። ተከዜም እንደ መረብ ስሙን ለውጦ፣ ሰቲት ተብሎ ይሻገርና አትባራን ይቀላቀላል።

የሰዉ ዝምድና ደግሞ ከወንዞቹ ይብስ የተጠላለፈ ነው። የከሰላ የጥንት ባለቤቶች ቤጃዎች ናቸው፤ ከነሱ መሀል ሀደንደዋዎች በስም የታወቁ ናቸው። የሚናገሩት ቋንቋ ኩሻዊ ነው። ስለዚህ በቋንቋ ዘር ከተቆጠረ የቤጃው ዘመዶች ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አፋሩና አገው ናቸው። አማርኛና ትግርኛ ደግሞ ሴማዊ በመሆናቸው ከሱዳን መንግሥት ቋንቋ ከዓረብኛ ጋር ይዛመዳሉ። በከሰላና በአካባቢዋ ቤኒ አምር የሚባል ሕዝብም አለ፤ ብዙዎቹ የሚናገሩት ትግረ ነው። ትግረ ለግዕዝ እጅግ የቀረበ፣ ዛሬም በሰው አፍ ያለ ልሳን ነው። የቅዳሴያችን ቋንቋ ቅርብ ዘመድ የሚነገረው እንግዲህ ሙስሊም ግመል አርቢዎች ዘንድ፣ በከሰላ ሜዳ ላይ ነው። ይህን መጀመሪያ ስረዳ ያ ከአክሱም የሚነሣው ቀጥ ያለ መስመር ዓይኔ እያየ ጎበጠብኝ።

ከአክሱም ጋር ከሰላን የሚያገናኝ ድንጋይ ደግሞ አለ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና፣ ገና ክርስትናን ሳይቀበል፣ አንድ ታሪክ በግሪክኛ፣ በግዕዝ፣ ግዕዙንም ደግሞ በሳባውያን ፊደል አስቀርጿል። ታሪኩ የቤጃዎች ነገር ነው። ቤጃዎች አመፁ፤ ንጉሡ ሁለት ወንድሞቹን አዘመተ፤ ስድስት የቤጃ ነገሥታት ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ተማርከው፣ ምግብና ልብስ እየተሰጣቸው ወደ ሌላ ምድር ተወስደው ሰፈሩ። ድንጋዩ ከዚህ በላይ አንድ ነገር ይነግረናል። የንጉሡ ማዕረግ በግሪክኛው «የኢትዮጵያውያን» ንጉሥ በሚልበት ቦታ፣ በሴማዊው ጽሑፍ ያለው «ሐበሠት» ነው። ግሪክኛው በቀይ ባሕር ለሚመላለሰው ለባዕድ ነጋዴ ነው፤ ሌላው ለአገሬውና ለማዶ ዓረብ ጎረቤት። ንጉሡ ለሩቁ ሰው ሩቁ ሰው የሚያውቀውን ስም ሰጠው፣ ለቅርቡ ደግሞ የቅርቡን። ይህ ከሆነ 1,600 ዓመት አልፏል። ዛሬም ፓስፖርታችን ላይ ኢትዮጵያ ተብሎ ይጻፋል፣ ቡና ላይ ስንቀመጥ ደግሞ ሐበሻ ነን እንላለን።

ሐበሻ ማለት «ድብልቅ» ማለት ነው፣ ዓረቦች ሊሰድቡን ያወጡልን ነው የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ቃሉ ግን እስልምና ከመነሣቱ ከዘመናት በፊት በድንጋይ ላይ ተቀርጾ አለ። ድብልቅ የሚለው ፍቺ ኋላ በዓረብኛ ሰዋስው የተፈለገለት ማብራሪያ ነው። ቢሆንም ስሙ ዓረቦች ዘንድ ረጅም ዕድሜ ኖሯልና በከሰላ አንደበት ሁለት ጣዕም ይዟል። አንዱ የክብር ነው። በእስልምና የመጀመሪያ ዓመታት፣ በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ከመካ የተሳደዱትን ያስጠለለው ንጉሥ የነጃሺ አገር ሐበሻ ነው፤ የሱዳን ሕፃን በቁርኣን ቤት ይህን እየሰማ ያድጋል። ሁለተኛው መራራ ነው። መተማና ገላባት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቁ የባሪያ ገበያዎች ነበሩ፤ «ሐበሺያ» የሚለው ቃል ለሽያጭ የቀረበች ሴት ስም ሆኖ ከዚያ በረሃውን ተሻግሯል። ዛሬ ገዳሪፍ ወይም ካርቱም ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ «ሐበሺያ» ስትባል ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የምታውቀው ከጠሪው ድምፅ ነው። ስም ከጎረቤት ጋር የተኖረበትን ዘመን ሁሉ ይሸከማል። እኛ ግን ለራሳችን ስንተርከው የነጃሺን ግማሽ ብቻ እንወስዳለን፤ ተሸጠው የሄዱትን እህቶቻችንን፣ የሸጧቸውንም የራሳችንን ሰዎች፣ በዚያው ገበያ ትተናቸው እንመጣለን።

ኢትዮጵያ የሚለውም ስም ቢሆን ጎረቤት አለበት። ግሪኮች «ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ» ለማለት ያወጡት ቃል መጀመሪያ የሚያመለክተው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር፣ በተለይም ዋና ከተማው መርዌ የነበረውን የኩሽ መንግሥት ነበር። መርዌ ያለችው በዛሬው ሱዳን፣ በዓባይ ዳር፣ የአትባራ ወንዝ ከሚገናኝበት በላይ ነው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም «ኩሽ» የሚለው ዕብራይስጥ «ኢትዮጵያ» ሆነ፤ በግዕዝም እንደዚያው ገባ። በየዐውደ ምሕረቱ የምንኮራበት የመዝሙረ ዳዊት ቃል፣ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለምትዘረጋው አገር የሚናገረው፣ በመጀመሪያ ቋንቋው ኩሽ ነው የሚለው። ሱዳን ደግሞ ምን ማለት ነው? በዓረብኛ «ጥቁሮች» ማለት ነው። ሁለት ጎረቤት አገሮች ሁለት ባዕዳን ስለ ቆዳቸው ቀለም ያወጡላቸውን ስም፣ አንዱ በግሪክኛ ሌላው በዓረብኛ፣ ይዘው ይኖራሉ። ትርጉሙ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ሌላው ወደ መካ ሲመለከት ዕድሜውን ጨረሰ።

ህንደኬን እንመልከት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ ያነሣል፤ የእኛም ባህል ንግሥቲቱን ከነገሥታታችን ተራ ቆጥሯታል። ታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን የመርዌ ንግሥቶችና የንጉሥ እናቶች ማዕረግ ነው። በ2011 ዓ.ም ኦማር አል በሽርን በጣለው ተቃውሞ ነጭ ቶብ የለበሰች፣ ክብ የወርቅ ጉትቻ ያደረገች አላ ሳላህ የምትባል ተማሪ ካርቱም ላይ መኪና ጣራ ቆማ እጇን ዘርግታ ስትዘምር የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ሱዳናውያን እሷንና ጓደኞቿን የጠሩበት ስም «ከንዳካ» ነው። ያችው ህንደኬ። እኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያገኘናትን እነሱ ከመሬታቸው ቆፍረው አወጧት። ለማን ናት የሚለውን ክርክር ለማንሣት ፍላጎቱ የለኝም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው፤ ሁለታችንም «እኛ ጥንታውያን ነን» ልንል ስንነሣ እጃችንን የምንዘረጋው ወደ አንድ መደርደሪያ ነው።

አገር ራሱን ለሌላ ሲያቀርብ አንዳንዴ በደብዳቤ ያቀርባል። ዐፄ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም ለአውሮፓ መንግሥታት የላኩት ደብዳቤ ኢትዮጵያ ራሷን ለባዕድ ካስተዋወቀችባቸው ሰነዶች ሁሉ የጎላው ይመስለኛል። ንጉሡ የግዛታቸውን ወሰን በስም እየጠሩ ያስቀምጣሉ፤ በምዕራብ በኩል ወሰኑ የገዳሪፍን አውራጃ ጠቅልሎ በዓባይ ላይ እስካለችው እስከ ከርኮጅ ይደርሳል። አውሮፓውያን አፍሪካን ሊከፋፈሉ ቢመጡ ዝም ብለው እንደማያዩ ይገልጻሉ። ኢትዮጵያንም በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ይሥሏታል። ዘመኑን ሳስብ ይገባኛል፤ ደብዳቤው የሚሄደው ለክርስቲያን ነገሥታት ነው፣ በቋንቋቸው ካልተነገራቸው አይሰሙም። የሆነ ሆኖ ያ «ደሴት» የሚለው ሥዕል ለአውሮፓ ብሎ ተጽፎ ወደ እኛው ተመልሶ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ትውልድ ራሱን በደሴት ላይ እንዳለ አድርጎ አየ። እዚያው ደብዳቤ ውስጥ የተጠቀሰችው የገዳሪፍ ነዋሪ ሙስሊም ገበሬና ነጋዴ ግን በንጉሡ ቃል አንዴ በወሰኑ ውስጥ ያለ ዜጋ ነው፣ አንዴ ደግሞ ደሴቲቱን የከበበ ባሕር። ይህ ተቃርኖ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ለሩቅ ወዳጅ ስንል የምንሥለው መልክ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በቅርብ ጎረቤት ኪሣራ ነው።

ደብዳቤው ከመጻፉ 2 ዓመት ቀደም ብሎ በመጋቢት 1881 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወድቀዋል። ይህን ውጊያ እኛ ስንናገረው ንጉሥ ለአገሩና ለሃይማኖቱ አንገቱን ሰጠ እንላለን። የመሐዲስቶቹ ሠራዊት በ1880 ዓ.ም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏልና ቁጣው ትኩስ ነበር። ሱዳናዊው ሲናገረው ደግሞ ሊጠፋ የተቃረበ ጦር በመጨረሻው ሰዓት ድል አደረገ ይላል፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። አንድ ሜዳ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት የአገር ኩራት። ሁለቱም ተረኮች የሚዘሉት ነገር አለ። ከውጊያው ጥቂት ወራት በፊት ዐፄ ዮሐንስ ለመሐዲስቱ አዛዥ ለአቡ ዓንጃ ደብዳቤ ጽፈው ሰላም ጠይቀዋል፤ የሁለታችንም ጠላት አውሮፓዊው ነው፣ እኔን ቢያጠፉ ለእናንተም አይተኙም፣ ስለዚህ በኅብረት እንቁም የሚል መንፈስ ነበረው። መልሱ ስድብ ሆነ። ትንቢቱ ግን አልዘገየም። ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን አስመራ ገባ፤ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥም ኦምዱርማን በእንግሊዝ እጅ ወደቀ። በግንቦት 1894 ዓ.ም ምኒልክ በፈረሙት የወሰን ውል ላይ ደግሞ ሱዳንን ወክሎ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ነው። የሱዳን ሰው ድንበሩ ሲሰመር አልተጠየቀም። ገዳሪፍ ወደዚያ፣ መተማ ወደዚህ ሆነ፤ ገላባትና መተማም በአንዲት ወንዝ ተለያይተው ተፋጠው ቀሩ።

ሱዳንም ብትሆን ራሷን ስታይ እንቅልፍ አላገኘችም። ነፃ በወጣችበት ዓመት በ1948 ዓ.ም የዓረብ ሊግ አባል ሆነች። ዓረብ ነን ወይስ አፍሪካዊ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. «ጫካና በረሃ» ተብለው የተጠሩ ገጣሚዎች ሁለቱንም ነን ብለው ለማስታረቅ ሞከሩ። የከሰላ ቤጃ ግን ከሁለቱም ክርክር ውጭ ነበር። ዓረብኛ የአፍ መፍቻው አይደለም፤ ጥጥ ይመረትበት የነበረው የጋሽ መሬት የሱ ሆኖ ሳለ ትርፉ ካርቱም ይገባ ነበር። የቤጃ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው በዚህ ነው፤ ውሎ አድሮ ጠመንጃ አንሥቶ በ2006 እ.ኤ.አ. አስመራ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈራርሟል። ሙዚቃው ግን ምንም ክርክር አላስፈለገውም። የሱዳን ዘፈን የሚሄደው በአምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ ትዝታና ባቲ በሚሄዱበት መንገድ ማለት ነው። ከካይሮና ከቤይሩት ዜማ የሚለየውም ይኸው ነው። ከሱዳን ዘፋኞች ከመሐመድ ወርዲና ከሰዪድ ኸሊፋ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ዓረብኛ የማያውቅ ሕዝብ አብሮ የዘፈነው ጆሮአችን ቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነው፤ ጥላሁን ገሠሠም ካርቱምና ከሰላ ባዕድ ሆኖ አያውቅም።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሆነውን ሳስብ ልቤ ይሞላል። በ1932 ዓ.ም ጣሊያን ከሰላን ያዘ። በዚያው ክረምት ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ገቡ፤ ከገዳሪፍ ወዲህ ካለችው ከዶካ የተነሣው የእንግሊዛዊው መኮንን የሳንድፎርድ ጓድ በነሐሴ ወደ ጎጃም አርበኞች ተሻገረ። አርበኞችንና በጣሊያን ሥር የገቡ ወገኖችን የሚቀሰቅስ የአማርኛ ጋዜጣም ይታተም ጀመር። ስሙ «ባንዲራችን» ነው። የታተመው ካርቱም ነው። ሰንደቅ ዓላማው ራሱ በኢትዮጵያ ምድር እንደገና የተሰቀለው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ኦሜድላ ላይ፣ ከሱዳን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ ነው፤ በዚያው ሳምንት ጣሊያን ከሰላን ለቅቆ ወጣ። ኦሜድላን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃት በፖሊስ የስፖርት ክለብ ስም ነው። የነፃነታችን በር የተከፈተው በየትኛው ጎረቤት ቤት በኩል እንደ ነበር ግን ክለቡን የሚደግፈው ወጣት ብዙም አልተነገረውም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ስደተኛ የሚሄድበት ሆነ። በገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ የሚባል ሰፈር አለ። በ1977 ዓ.ም ድርቁና ጦርነቱ ያባረራቸው ሰዎች መጠለያ ነበር፤ ከነሱ መሀል ሰዎች «ፈላሻ» የሚሏቸው፣ ራሳቸውን ግን ቤተ እስራኤል የሚሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእግር የመጡት ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ግን ማንነታቸውን መደበቅ ነበረባቸው፤ ክርስቲያን ነን ይሉ ነበር። ሰንበታቸውን እንዳይታወቅባቸው በዘዴ ያልፉታል፣ ሙታናቸውን በምስጢር ይቀብራሉ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በዘለቀው «ሙሴ» በተባለው ዘመቻ በሌሊት ወደ ካርቱም እየተጫኑ 8,000 ገደማ ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያዎቹ ግን ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዳለቁ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ለእነዚህ ሰዎች «ማነህ?» የሚለው ጥያቄ የሞት የሽረት ነበር። ሱዳናዊው ወታደር በአንድ ቃል «ሐበሽ» ብሎ ሲያልፋቸው ያ ሁሉን ጠቅላይ ስም ጥላ ሆነላቸው።

ያው ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም እንደገና ተከፈተ። ከኅዳር ወር ጀምሮ የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ከ60,000 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ተጋሩ፣ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ተሻገሩ። ሐምዳይት ያለችው በከሰላ ግዛት፣ በሰቲት ዳር ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወንዙን ሲሻገሩ የሐምዳይት ነዋሪዎች ዳቦና ፉል ይዘው ወጡ፣ ጎጆአቸውን ከፈቱ። የእርዳታ ድርጅቶች ከመድረሳቸው በፊት የነበሩት እነዚያ ድሃ ገበሬዎች ናቸው። ተሻጋሪዎቹ በዚያች ሰዓት ኢትዮጵያዊ መባልን የሚፈልጉ አልነበሩም፤ ያሳደዳቸው በአገሪቱ ስም የመጣ ጦር ነው። ወንዙን ሲሻገሩ ግን እንደገና «ሐበሽ» ሆኑ። ከ36 ዓመት በፊት ቤተ እስራኤል የተጠለሉበት ስም እነሱንም አስጠለለ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ መንገዱ ተገለበጠ። አሁን ሱዳናዊው ነው ልጁን አዝሎ በገላባት በኩል መተማ የሚገባው። እንግዳ ተቀባይ ነን የሚለው ኩራታችን፣ ነጃሺን ምስክር አድርገን የምናወራው፣ ፈተና ላይ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። የመተማ ሰው ያለውን አካፍሏል፤ ይህ መነገር አለበት። ነገር ግን ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ ስደተኞች ተዘረፉ፣ ታገቱ፣ ከነሱም የተገደሉ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ብዙዎቹ መጠለያውን ትተው በእግር ወጡና በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ላስቲክ ወጥረው ለወራት ዝናብ ላይ ቆዩ። አካባቢውም ራሱ በጦርነት ውስጥ ነበር፤ ገበሬውም ታግቷል፣ ሾፌሩም ታግቷል። ይህን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አያጽናናኝም። የሐምዳይት ገበሬ ዳቦ ይዞ ከወጣ 4 ዓመት ሳይሞላ የሱ ወገን በእኛ ጫካ ውስጥ ተኛ። አገር ስለ ራሱ የሚናገረውን ቃል እንግዳው ሰምቶ ይመጣል፤ ቃሉን ያላገኘው እንግዳ የሚያየው ሥዕል ከላሊበላ ፖስተር ላይ የለም።

ፖስተር ካልኩ አይቀር፦ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝምን ሥራ ሲጀምሩ ለዓለም ያቀረቡት «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን ነው፤ በ2008 ዓ.ም በ«ምድረ ቀደምት» ተተካ። በሁለቱም ፖስተር ላይ የማትቀር ጀበና አለች። ጀበና የእኛ መታወቂያ ሆናለች፤ አየር መንገድ ላይ፣ ኤምባሲ ግብዣ ላይ፣ ዋሽንግተን ምግብ ቤት ውስጥ። ወደ ከሰላ እንሂድና እዚያ ያለችውን ጀበና እንይ። ሴትዮዋ በትንሽ ብረት ላይ ቡናውን ትቆላለች፤ ጢሱን በእጇ ወደ እንግዳው ትገፋለች። በሙቀጫ ስትወቅጥ ዘነዘናው ምት አለው። ዝንጅብል ትጨምርበታለች፣ አንዳንዴ በርከት አድርጋ፣ ጉሮሮ እስኪያቃጥል ድረስ። ጀበናዋ ሆዷ ክብ፣ አንገቷ ረጅም ነው፤ አተላው እንዳይወርድ አፏ ላይ የቃጫ ውታፍ ትሰካለች። ፍንጃሏ ጆሮ የሌላት ትንሽ ናት፤ ግማሿ ስኳር ነው። ያ የቃጫ ውታፍ በኤርትራና በትግራይም አለ። ስሟም በዓረብኛ «ጀበና» ነው።

እኛ ጋ ስኒው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ልብ ብላችሁ ስሟቸው፤ በዓረብኛ አንደኛው «አወል»፣ ሁለተኛው «ሣኒ»፣ በረከትም «በረካ» ነው። ስኒና ፍንጃልም ከዚያው የመጡ ናቸው። የደጋው ክርስቲያን ቡናን ለረጅም ዘመን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ የጠጣውን ካህኑ ይገሥጸዋል። መከልከሉ የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የዛሬው ሽማግሌ ቅድመ አያት፣ በመንዝ ወይም በጎጃም፣ ቡና ስትፈላ አፍንጫውን ይዞ ሊያልፍ ይችል ነበር። ዛሬ ከሁሉ በፊት «ይህ ነው እኛነታችን» ብለን ለእንግዳ የምንዘረጋው ስኒ የክርስቲያኑ ቤት የገባው ከሙስሊም ጎረቤቱ እጅ ነው። ይህን ማወቅ ለእኔ ቡናውን ይበልጥ አጣፈጠው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከካርቱሙ ጦርነት ወዲህ የሱዳን ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች በዝተዋል። ፉሉና ዓሲዳው ከእንጀራ ማዶ ለማዶ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ቦታ ጀበናዋ ዝንጅብሏንና ውታፏን ይዛ መጥታለች። ሰፈርተኛው አላፊውን «ሱዳኒ!» ብሎ ይጠራዋል። ሲጠራም የካርቱሙ ነጋዴ፣ የዳርፉሩ ተማሪ፣ ከኑባ ተራራ የመጣው መምህር፣ የከሰላው ቤጃ ዞር ይላሉ። አገር ቤት ውስጥ ወገኖቻቸው በሁለት ጦር ተከፍለው እየተገዳደሉ ነው፤ ማን ሱዳናዊ ነው በሚለው ላይ አንድ ማዕድ ቢቀርቡም ያነጉ ይሆናል። ጠሪው ይህን ሁሉ አያውቅም። ቡናው ስለ ደረሰ ነው የሚጠራቸው፤ ገና አቦል ነው።